ሰማያዊ ጭስ

ይኸውላችሁ ወዳጆቻችን፤ የዛሬው ወጋችን ፖለቲካ አይደለም፣ ፍቅርም አይደለም። ጭስ ነው። ሰማያዊ ጭስ!

ነገሩ የተጀመረው በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። ከለገሃር ወደ ፒያሳ ሽቅብ እየወጣን ነበር። መኪናዋ ውስጥ እኛ አራታችንና ሁለት ጆንያ በርበሬ አለን። ዳገቱን ስናጋምስ ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ለቀቀው። ቸኩሎ ነው ብለን ዝም አልን። ሲያልፈን ግን ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ፣ "ኧረ ሰዎች፣ ዕጣኑ በዛ!" አለን። ዞር ብለን ስናይ ከኋላችን የነበረው መንገድ የለም። ሕንፃውም የለም፣ ሰውም የለም። ያለው ጭስ ብቻ ነው።

እማዬ ከፊት ወንበር ላይ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አድርጋ "አባታችሁ ቢኖር…" ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋትም። ሁላችንም ገብቶናል።

እኛ ማለት እንግዲህ ሦስት ልጆችና አንዲት እናት ነን። ታላቅ ወንድማችን ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር ይውላል። መካከለኛዋ ጋዜጠኝነት ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ ቆይታ፣ አግኝታ፣ ለቅቃ፣ አሁን ይህን የምትጽፍላችሁ ናት። ትንሿ ገና ዩኒቨርሲቲ ናት። እማዬ ባልትና ትሠራለች። በርበሬ፣ ሽሮና ምጥን አዘጋጅታ ለአሥራ አንድ ሱቆች ታከፋፍላለች። ማከፋፈያዋ ደግሞ ይህቺው መኪና ናት፤ በፈረንጆቹ 1990 የተሠራች፣ ከሦስታችንም የምትበልጥ ቶዮታ ኮሮላ። ሞተሯ 2ኢ የሚባለው ነው፤ 1.3 ሊትር፣ ባለ ካርቡሬተር፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ።

የአባዬ መኪና ነበረች። አባዬ አስተማሪ ነበር። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ልብሱን እንኳን ሳይቀይር ኮፈኑን ይከፍትና የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይመዘዋል። በአሮጌ ካልሲ ይጠርገዋል፣ መልሶ ያስገባዋል፣ እንደገና ይመዘዋል፣ ከዚያ ወደ ፀሐይ አድርጎ አተኩሮ ያየዋል። ልክ እንደ ሐኪም! እኛ ደግሞ በረንዳ ላይ ተቀምጠን እንስቃለን። "አባዬ በሽተኛዋን ሊያክም ነው" እንላለን። በ2012 ዓ.ም. አባዬ አረፈ። ቤቱን ወረስን፣ መኪናዋን ወረስን፣ መጻሕፍቱን ተካፈልን። ያንን ካልሲ የወረሰ ግን አልነበረም።

አምስት ዓመት ሙሉ ነዳጅ ሞላን፣ ጎማ አስሞላን፣ ቦሎ አሳደስን። ዘይት ስንቀይር "ባለፈው መቼ ነበር?" ብለን የምንጠያየቅ ሰዎች ሆንን። መልሱ ሁልጊዜ "በቅርብ ነው መሰለኝ" ነበር። እንግዲህ ሞተር በ"መሰለኝ" አይሄድም።

ሁለት ምንጭ

መጀመሪያ የወሰድናት ሰፈራችን ወዳለ ጋራዥ ነው። መካኒኩ አስነሳት፣ ጭሱን አየ፣ አጠፋት። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። "ሞተሩ አልቋል። ይወርዳል" አለ። ዋጋ ጠየቅነው፤ "ከፈታሁት በኋላ ነው የማውቀው" አለን። ወንድማችን ፊቱ ገረጣ። ዋጋው ሳይታወቅ ሥራ ሲጀመር ለሒሳብ ሠራተኛ ከሞት አይተናነስም።

እዚህ ላይ ነው የጋዜጠኝነት ትምህርታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለቤተሰቡ የጠቀመው። ክፍል ውስጥ ሲነገረን የኖረ አንድ ሕግ አለ፤ አንድ ምንጭ የነገረህን በሁለተኛ ምንጭ ሳታረጋግጥ አትጻፍ የሚል። ለዜና የሚሠራ ሕግ ለሞተር ለምን አይሠራም? መኪናዋን ዘግተን በማግስቱ ከአብነት በታች ወዳለ፣ አባዬ ድሮ ወደሚሄድበት ሽማግሌ መካኒክ ጋር ሄድን።

ጋሼ (እኛ እንደዚያ ነው የምንላቸው) አባዬን ያስታውሱታል። "የካልሲው መምህር ልጆች!" አሉን። ከዚያ እንደ መጀመሪያው መካኒክ ወደ ጭሱ አልሮጡም፤ ጠየቁን። ጭሱ ጠዋት ስትነሣ ነው ወይስ ዳገት ላይ? ዘይት በስንት ጊዜ ትጨምራላችሁ? ውኃስ ትጎድላለች? አብዛኛውን መመለስ አልቻልንም። ደግነቱ እሳቸው መናገር ይወዳሉ። ጭስ ቋንቋ አለው አሉን። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶባት ነው፤ ካርቡሬተሩንና አየር ማጣሪያውን እይ። ነጭ ሆኖ ሳያቋርጥ ከቀጠለ ውኃ ወደ ውስጥ እየገባ ነው፤ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ጠርጥር። ሰማያዊ ከሆነ ግን የምታጨሰው ዘይት ነው።

ቀጥለው ካንዴላዎቹን አራቱንም ፈቱና በየቀዳዳው ሰዓት የመሰለ መለኪያ እየሰኩ ወንድማችንን ሞተሩን እንዲያዞር አዘዙት። እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን ስንት አድርጎ እንደሚያምቅ የሚለካ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተማርን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ጤነኛ ሞተርም ቢሆን እዚህ የሚያሳየው ቁጥር ፋብሪካው በመጽሐፍ ከጻፈው ያንሳል። ጋሼ የሚያዩት ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን አራቱ እርስ በርስ መመጣጠናቸውን ነው። የእኛዎቹ ስምንት፣ አምስት፣ አራት ተኩል፣ ስምንት አሉ። መካከለኛዎቹ ሁለቱ ታመዋል ማለት ነው።

በሁለቱ ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገው ደግመው ለኩ። ቁጥሩ ወደ ሰባት ዘለለ። "አያችሁ?" አሉ። ዘይቱ ለጊዜው ክፍተቱን ስለደፈነው ነው ከፍ ያለው፤ ስለዚህ ያለቀው የፒስተኑ ፋሻና ግድግዳው ነው። ባይጨምር ኖሮ ጥፋቱ የቫልቭ ሊሆን ይችል ነበር። ለዚህ ሁሉ ምርመራ የከፈልነው 500 ብር ነው። በኋላ ላይ ስናስበው በሕይወታችን ካወጣነው 500 ብር ሁሉ የረከሰው ይህ ነው።

በነገራችን ላይ ጋራዥ ውስጥ ግማሽ ቀን የቆየ ሰው ጣሊያንኛ ተምሮ ይወጣል። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ብሮንዚና፣ ቺንጊያ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ… ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከአገራችን ተባረረ ብለን ነበር የተማርነው። ከጋራዥ ያባረረው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም!

እቁብና ወፍጮ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እማዬ ለሁለት ዓመት የጣለችው እቁብ በዚያው ወር ወጥቶላት ነበር፤ 160,000 ብር። ይህ ገንዘብ ስም ነበረው፤ ወፍጮ ይባላል። እማዬ እህሉን በሰው ወፍጮ ማስፈጨት ሰልችቷት፣ የራሷን ትንሽ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ልትገዛ ዋጋ ጠይቃ፣ የምታስቀምጥበትን ቦታ ሳይቀር በኖራ አስምራ ጨርሳ ነበር። ያ የኖራ መስመር ጓሮ ውስጥ ነበር። ከጋራዥ በተመለስን ቀን ማታ ማንም ወደ ጓሮ አልወጣም።

"ሌላ መኪና ለምን አትገዙም?" ትሉን ይሆናል። እስቲ እንሳቅ! በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና እንደ ድሮ ወርቅ ሆነ። በኤሌክትሪክ የምትሄደዋስ? የእማዬ እቁብ ለእሷ ጎማ እንኳን ይበቃ እንደሆነ እንጃ።

ያን ሰሞን አንድ ደላላ በወንድማችን ጓደኛ በኩል መጣ። መፍትሔው ቀላል ነው አለ። "ማዘር፣ ምን አስጨነቀሽ? ወፍራም ዘይት እንጨምርበታለን፤ ጭሱ ለጥቂት ቀን ይቀንሳል። ገዢ ሲመጣ ሜዳ ላይ ነው የምናስነዳው፤ ዳገት አናሳየውም። ትሸጫታለሽ፣ ትገላገያለሽ።"

እውነቱን እንናገር። ደነገጥን ብለን ብንጽፍ ያምርብን ነበር። አልደነገጥንም። ሁለት ቀን ሙሉ ስናስበው ቆየን። "ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው"፣ "ገዢው ራሱ መካኒክ ይዞ ይምጣ"፣ "እኛስ ማን አዘነልን?" ተባባልን። ሦስታችንም ተስማማን። ዘይቱም ተገዛ።

ገዢው በሦስተኛው ቀን መጣ። ከእኛ በዕድሜ የማይበልጥ ልጅ ነው፤ ከአጎቱ ጋር ነው የመጣው። ሊያከራያት ሳይሆን ሊሠራባት ነው፤ ገንዘቡ ግማሹ ብድር መሆኑን ሳንጠይቀው ነገረን። ሜዳው ላይ ነዳት። ደስ አለችው። ጊቢያችን ገብቶ ሲያጠፋት በጨዋነት፣ ያውም እንደ ቀላል ነገር "ዘይት ትበላለች እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። እኛ ሦስታችን መሬት መሬት ማየት ጀመርን። ደላላው "በጭራሽ!" ለማለት አፉን ሲከፍት እማዬ ቡናውን ይዛ ከማድ ቤት ወጣች።

"ትበላለች ልጄ" አለችው። "እንደውም ከእኛ የበለጠ ትበላለች። ቁጭ በል፣ ቡና ጠጣ።"

ደላላው ቡናውን ሳይጠጣ ሄደ። ልጁና አጎቱ ግን ሦስተኛውን ጠጥተው፣ መርቀውን ነው የወጡት። ማታ ማንም አልተናገረም። ትንሿ ብቻ "አባዬ ቢሆንም እንደዚያ ነበር የሚለው" አለች። ወንድማችን ያልተከፈተውን ወፍራም ዘይት ወደ ሱቅ መለሰው። እማዬ ደግሞ እቁቡን ከሣጥን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ወፍጮው አይሸሽም" አለች። "ሱቆቹ ግን በርበሬ ካላገኙ ሌላ ይይዛሉ።"

ማሳደስ ወይስ መቀየር?

ሁለት መንገድ ነበረን። አንደኛው የራሷን ሞተር አውርዶ ማሳደስ ነው፤ ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት ወስዶ በጥቂቱ አስፍቶ በዚያው ልክ ወፈር ያለ ፒስተንና ፋሻ መግጠም፣ ብሮንዚናዎቹን መቀየር፣ ቫልቮቹን ማስሞረድ። ሁለተኛው ያገለገለ ግን ጤነኛ ሞተር ገዝቶ መቀየር ነው። ጋሼ በመርሕ ደረጃ ማሳደሱን ይመርጣሉ፤ "የራስህን ሞተር ታውቀዋለህ" ይላሉ። ግን ቴስታታውን አንሥተው ፒስተኑን ሲያዩ አናቱ ላይ ቁጥር ተቀርጾበታል። አባዬ ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ አስፍቶት ኖሯል። ግድግዳው ሁለተኛ መስፋት አይችልም፤ በውስጡ አዲስ የብረት እጅጌ መግጠም ይጠይቃል። ያ ሁሉ ተደምሮ 120,000 ብር ገደማ መጣ፤ በዚያ ላይ አንድ ወር መጠበቅ አለ። ሱቆቹ አንድ ወር አይጠብቁም። ስለዚህ መቀየር።

ከዚያ ገበያ ገባን። ሶማሌ ተራ፣ መርካቶ፣ ከዚያም ስማቸውን የማናውቃቸው ግቢዎች ሁሉ። የተማርነውን በአጭሩ እንንገራችሁ፤ ነገ ለእናንተም ይሆናልና።

አንደኛ፣ ፈተና ይመጣል፤ ስሙም "ትንሽ ጨምሩ" ይባላል። አንዱ ሻጭ 4ኢ የሚባለውን ሞተር አሳየን። ይኼም ከዚያው ቤተሰብ ነው፤ አዲስ ትውልድ ነው፤ ካርቡሬተር የለውም፣ ነዳጁን የሚረጨው በኮምፒውተር ነው። "ጉልበት አለው፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ በ15,000 ብር ብቻ ነው የሚበልጠው!" ወንድማችን ዓይኑ አበራ። ጋሼን በስልክ ጠየቅናቸው። ሳቁ። ሞተሩ ብቻውን አይመጣም አሉ። ኮምፒውተሩ፣ ሙሉ ሽቦው፣ ሴንሰሮቹ፣ ሰልባትዮው ውስጥ የሚገባው ባለ ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ ይከተሉታል። 15,000 የተባለው ሲጨረስ 60,000 ይሆናል። ሽቦ የሚያገጣጥመው ባለሙያ ዋጋ ገና አልተነሣም። በትንሽ ገንዘብ የምትሠራ ከሆነ የነበረውን ዓይነት በነበረው ቦታ መልስ፤ መቀመጫው፣ ካምቢዮው፣ ሽቦው ሁሉ ሳይነካ ይገጥማል። ሕልም ለሌላ ጊዜ!

ሁለተኛ፣ ወረቀት። አንድ ግቢ ውስጥ ንጹሕ 2ኢ አገኘን፤ ዋጋው 70,000 ብር ብቻ። ልባችን ዘለለ። ጋዜጠኛዋ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙያዋ ትዝ አላት፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት? ሞተሩ ከየት መጣ? "ከመኪና።" ከየትኛው መኪና? "ከተጋጨ።" ወረቀቱስ? ሰውየው ጆሮውን አሻሸ። "ወረቀት ምን ያደርግላችኋል? ቁጥሩን እኛ እናስመታላችኋለን፤ ከሊብሬያችሁ ጋር አንድ ይሆናል።"

የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የተጻፈው በከንቱ አይደለም። ሞተር ስትቀይር ከየት እንዳመጣኸው የሚያሳይ ሕጋዊ ሰነድ ይዘህ ማስመዝገብ አለብህ። ቁጥሩ ተፍቆ ሌላ የተመታበት ሞተር ማለት ደግሞ ምናልባት አንድ ጠዋት ተነሥቶ መኪናውን ደጁ ላይ ያጣ ሰው ሞተር ነው። 35,000 ብር ይተርፈን ነበር። ለእማዬ ስንነግራት "በሰው ዕንባ የሚነዳ መኪና ዳገት አይወጣም" ብላ ዘጋችው። ሕጉን አላነበበችም፤ ግን ከሕጉ ጋር ተስማማች።

ሦስተኛ፣ የሚገዛ ሞተር መሬት ላይ ተቀምጦም ይመረመራል። በስድስተኛው ቀን ሰነድ ያለው፣ ከዱባይ የገባ 2ኢ አገኘን። የተጠየቀው 130,000 ነው። ጋሼ ራሳቸው መጡ። የዘይት መክደኛውን ከፍተው በጣታቸው አበሱት፤ ውስጡ ጥቁር ጭቃ የለም። ካንዴላዎቹን ፈቱ፤ ጫፋቸው ቡናማ ነው እንጂ በዘይት የራሰ አይደለም። ውኃው የሚዞርበት ቀዳዳ ዝገት እንዳለው አዩ። ሞተሩን በእጅ አዞሩት፤ ሳያንቅ ዞረ። በመጨረሻ ባትሪና ማስነሻ ገጥመው መለኪያቸውን ሰኩ፤ ዘጠኝ ተኩል፣ ዘጠኝ ተኩል፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ተኩል። ጋሼ አልሳቁም፤ ገበያ ላይ ፈገግ ማለት ዋጋ ያስጨምራላ! ዝገቷን እየጠቆሙ ሁለት ሰዓት ተከራከሩ። በ105,000 ተጨረሰ። ከደረሰኙ ጋር፣ ከሰነዱ ጋር፣ "በሳምንት ውስጥ ጉድለት ቢወጣበት እለውጣለሁ" ከሚል ፊርማ ጋር።

ወርዳ ሳለች

አሮጌው ሞተር በካቴና ተንጠልጥሎ ሲወጣ እማዬ ዞር አለች። ምን እንዳሰበች አልጠየቅናትም። መኪናዋ አፏን ከፍታ ባዶዋን ቆማ ስትታይ ለካ ሞተር የሌለው መኪና ጓሮ የሌለው ቤት ይመስላል።

ጋሼ እዚህ ላይ ለቆጣቢ ሰው እንግዳ የሆነ ነገር ነገሩን፤ "አሁን ነው ገንዘብ የምታወጡት።" ሞተሩ ውጭ ሳለ የጊዜውን ቺንጊያ፣ የውኃ ፓምፑን፣ ከኋላ በኩል ዘይት የሚይዘውን ጎማና የፍሪሲዮኑን ዲስክ መቀየር ዋጋው የዕቃው ብቻ ነው። ከገባ በኋላ ግን ለአንዷ የጎማ ቀለበት ሲባል ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል። ራዲያተሩም ታጠበ፤ አዲስ ሞተር በአሮጌ ዝገት እንዳይታመም። ወንድማችን እያንዳንዷን ደረሰኝ በደብተር ጻፈ። ትንሿ ደግሞ የእጅ ባትሪ ይዛ ሁለት ቀን አጠገባቸው ዋለች፤ ጥፍሯ ጠቁሮ፣ ካቻቢቴ ሲሏት ፒንሳ ሳታቀብል።

የመጨረሻው ቀን ማታ አስነሷት። አልተነሣችም። ደገሙ። አስነጠሰች፣ ተኮሰች፣ ዝም አለች። የሁላችንም ሆድ ተንቦጫቦጨ። 105,000 ብር! ወፍጮው! ጋሼ ሳይናገሩ የካንዴላ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ተከተሉ። ከዚያ ወደ ረዳታቸው ዞሩና "አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት ነው ያልኩህ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት አላልኩህም" አሉት። እሳት በተራ ሳይሆን በዚህ ቅደም ተከተል ነው የሚቀጣጠለው ለካ። ሦስቱ ሽቦዎች ቦታ ተለዋወጡ። ቁልፉን አዞሩ።

ተነሣች። ጭስ የለም። ድምፅዋ እንኳን እንደ ድሮው አይደለም፤ ለስላሳ ነው። ማንም አላጨበጨበም። እማዬ ግን እጇን ኮፈኑ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች።

ሒሳብ

ወንድማችን ይህ ካልተጻፈ ጽሑፉ አይወጣም ብሏል፤ ስለዚህ ይኸው። ሞተር 105,000፤ የእጅ ዋጋ 12,000፤ ቺንጊያ፣ ፓምፕ፣ ዲስክ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ዘይትና ማጣሪያ ተደምሮ 27,500፤ መጫኛና ማውረጃ 2,500፤ ለምዝገባና ለምልልስ 3,000። ድምር 150,000 ብር። አሮጌው ሞተር በመለዋወጫና በቁርጥራጭ ብረት ተሽጦ 16,000 መለሰ። ከእቁቡ የቀረው 26,000 ነው። እማዬ በዚያው ሳምንት አዲስ እቁብ ጀመረችበት።

ደብተሩ ውስጥ ያልገባ ግን አንድ ዋጋ አለ። ጋሼ አሮጌውን ሞተር ከፈቱ በኋላ ውስጡን አሳይተውናል። ዘይቱ ከማርጀቱ የተነሣ ጥፍጥ ያለ ቅጥራን ሆኖ ፋሻዎቹን አጣብቋቸዋል። አላረጀም ማለታችን አይደለም፤ አርጅቷል። ግን ይህን ያህል በአንዴ የገደለው እርጅናው ሳይሆን የእኛ "መሰለኝ" ነው። ዘይቱ በጊዜው ቢቀየር፣ መጠኑ እሁድ እሁድ ቢታይ፣ መጉደሉ ሲጀምር እናውቅ ነበር። አባዬ በካልሲ ሲያደርገው የነበረው ነገር በዓመት የሚያስወጣው የዘይት ዋጋ ብቻ ነው። እኛ እሱን ቆጥበን ወፍጮ ከፈልን።

እኛ የከተማ ልጆች ነገሮችን የምናውቃቸው ሲበላሹ ነው መሰለን። መኪናውን፣ ቧንቧውን፣ የእናታችንን ጉልበት እንኳን። ስንወርስ የምናየው ዕቃውን ነው። ዕቃውን ዕቃ አድርጎ ያቆየው ግን አንድ ሰው በየሳምንቱ፣ እኛ እየሳቅንበት፣ ሳይሰለች ያደረገው ትንሽ ነገር ነው። እሱ በኑዛዜ አይጻፍም።

ጓሮ ያለው የኖራ መስመር በክረምቱ ዝናብ ታጥቦ ጠፋ። መስከረም ሲጠባ እማዬ እንደገና አሰመረችው፤ ትንሽ ሰፋ አድርጋ። እቁቡ ሲወጣ ወፍጮውም ከፍ ያለ ይሆናል ብላለች።

እሁድ ጠዋት ደግሞ ትንሿ ኮፈኑን ትከፍታለች። ካልሲው የአባዬ አይደለም፣ የራሷ ነው፤ ተረከዙ የተቀደደ። ዘንጉን ትመዛለች፣ ትጠርጋለች፣ ትመልሳለች፣ እንደገና ትመዛለች፣ ወደ ፀሐይ አድርጋ ታያለች። እኛም በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን እናያታለን። አንስቅም። "ስንት ነው?" ብለን እንጠይቃለን።

የእናንተስ? መጨረሻ ያያችሁት መቼ ነው? "በቅርብ ነው መሰለኝ" ካላችሁ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ውረዱና እዩት።